የጠላት ፊት በሥዕል

በመካነ ሰላምና በሳይንት በኩል ቤተ ክርስቲያን እየሳመ ያደገ ተማሪ ይህን ሕግ ማንም ሳይነግረው ያውቀዋል፤ ይኸውም ጻድቅ በሁለት ዓይኑ ወደኛ ያያል፤ ሰይጣንና ይሁዳ ግን በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ይታያል። ሠዓሊው ሁለተኛውን ዓይን መሣል ተስኖት አይደለም።

ስለ ዐድዋ ጦርነት (የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.) የተሣሉትን ሥዕሎች ስንመለከት ይኸው ሕግ ከቤተ መቅደስ ወጥቶ ጦር ሜዳ ወርዶ እናገኘዋለን። ባብዛኛው በግራ በኩል ዐፄ ምኒልክ በጃንጥላ ሥር፣ እቴጌ ጣይቱ በፈረስ ላይ፣ ከበላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ ይታያሉ፤ የሠራዊታችንም ፊት ወደ ተመልካቹ ነው። በቀኝ ያሉት ኢጣልያኖች ግን በጎን ናቸው። ሆኖም አንባቢ ልብ ይበል፤ ጠላት አንድ ዓይኑን ቢነጠቅም ቁመቱን አልተነጠቀም። ሰልፉን አሳምሮ፣ ጠመንጃውን ደግኖ ይዋጋል። ደካማን ማሸነፍ ምን ያስመሰግናል?

ከ40 ዓመት በኋላ ፋሺስት ኢጣልያ ስትመጣ ወታደሮቿ የሚላላኩባቸው ፖስታ ካርዶች ሌላ መልክ ነበራቸው። ኤንሪኮ ደ ሴታ የተባለው ሠዓሊ ከሣላቸው በአንዱ ላይ ኢጣልያዊው ወታደር ፍሊት መንፊያ ይዞ በጥቃቅን ኢትዮጵያውያን ላይ ይረጫል። ለሳቅ የተሣለ ነው። ነገር ግን ከታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ጀምሮ አውሮፕላኖቹ ሥጋ የሚያቃጥል መርዝ በእውነት አርከፈከፉ። ከዚያም በፊት፣ ኅዳር 26 ቀን፣ በኛው ወሎ በደሴ ላይ የወረደው ቦምብ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበትን ሆስፒታል አልማረም። መርዙን ያስረጨው ካርዱ ነው አልልም፤ ትእዛዙ ከሙሶሊኒ የወጣ ነው። ለሚረጨው ሰው ግን ሥራውን ሳያቀልለት አልቀረም።

ይህ የሌላ አገር ሰው በሽታ ብቻ እንዳይመስለን። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ዘመን ወንድም ወንድሙን «ጅብ»፣ «አረም» ሲል በጆሯችን ሰምተናል። አረም ደግሞ ይነቀላል እንጂ አይማረክም።

በዐድዋ የተማረኩት ኢጣልያኖች፣ በሥዕሉ ላይ አንድ ዓይን የቀራቸው፣ በጥቅምት 1889 ዓ.ም. ከተፈረመው ውል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ከነሱ ጋር ተሰልፈው ከተማረኩት፣ መልካቸው ከኛው መልክ ከሆነው፣ «አስካሪ» ከተባሉት ወታደሮች መካከል ግን ብዙዎቹ እንደ ከሐዲ ተቆጥረው ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆረጠ።