የቡድን ጠብ ከድንጋዩ በፊት ይጀምራል

ሁለት ተማሪዎች ሲጣሉ መምህር ይገላግላቸዋል። ሁለት ቡድን ሲጣላ ግን ገላጋዩም ይፈነከታል። በዚህ አጭር ጽሑፍ የተማሪዎች የቡድን ጠብ እንዴት እንደሚነሳና እንዴት አስቀድሞ መከላከል እንደሚቻል፣ በክፍል ከተማርነውና በራሴ ከደረሰው ተነስቼ ለማሳየት እሞክራለሁ።

ያደግሁት ዶዮገና ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር ልጆች በኳስ ተጣላን። መጀመሪያ የተጋጩት ሁለት ልጆች ብቻ ነበሩ። ማታውን ግን "የእኛን ልጅ ደበደቡት" የሚል ወሬ በየቤቱ ገባ። ልጁ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ እንጂ ማንም አልደበደበውም። በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስንወጣ እኔም ድንጋይ ይዤ ነበር። ለምን ብባል መልስ የለኝም፤ ሁሉም ይዟላ! ያን ቀን አንድ የክፍል ጓደኛዬ ተፈንክቶ ጤና ጣቢያ ተወሰደ። ድንጋዩ የእኔ ይሁን የሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም። የቡድን ጠብ ክፋቱ ይኸው ነው፤ ጥፋቱ ለሁሉም ስለሚከፋፈል የማንም ሳይሆን ይቀራል።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። ሙዛፈር ሸሪፍ የተባለ ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኦክላሆማ 22 ልጆችን በሁለት ቡድን ከፍሎ በሽልማት አወዳደራቸው። ወዲያው መሰዳደብና መጣላት ጀመሩ። አብረው እንዲበሉ ቢደረግም አልበረደም። የበረደው ውኃ ሲቋረጥና መኪና ሲቆም፣ ሁለቱም ወገን ተባብረው መፍትሔ ሲፈልጉ ነው። ጥናቱ ሆን ብሎ ልጆችን በማጣላቱ ይተቻል፤ ትምህርቱ ግን ይጠቅመናል።

በእኛ ትምህርት ቤትም መጀመሪያ ሦስት ልጆች ተባረሩ፤ ጠቡ ግን ባሰ። ኋላ አንድ መምህራችን ሜዳውን ለሚቦረቡረው ጎርፍ መውረጃ ቦይ እንድንቆፍር አዘዘን። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ የሁለቱንም ሰፈር ልጆች ቀላቀለ። አካፋው ጥቂት ስለነበር መቀባበል ግድ ሆነ። ከሳምንት በኋላ መንገድ ላይ ሰላምታ ተጀመረ።

ችላ ሲባል ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በተማሪዎች ግጭት ሁለት ተማሪዎች ሞተዋል፤ በዚያው ዓመት ከበርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ብዙ ተማሪዎች ግቢ ለቀው ወደየቤታቸው ተመልሰዋል።

ስለዚህ ነገ መምህራን የምንሆን ሁሉ የሚከተሉትን ልብ እንበል፦

1. ወሬውን በዚያው ቀን ማጣራት። የተጎዳው ልጅ ራሱ በሰልፍ ላይ ቢናገር ድንጋይ የሚያነሳው ይቀንሳል።

2. አቀማመጥንና የቡድን ሥራን ከሰፈር ልማድ ማውጣት፤ የጋራ ሥራ መስጠት።

3. የመውጫ ሰዓትን መጠበቅ። ጠቡ የሚፈነዳው ከበር ውጭ ነውና መምህራን መንገድ ላይ ይታዩ።

4. ሕጉን ማስተማር። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት 15 ዓመት የሞላው ወጣት በመደበኛው ሕግ ሊጠየቅ ይችላል። "ልጅ ነኝ" ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

5. ሽማግሌዎችን ቀድሞ መጥራት። "ሴራ" በአማርኛ ተንኮል ቢሆንም በከምባታ ሕዝቡ የሚተዳደርበት ባህላዊ ደንብ ነው። ሽማግሌ የሚጠራው ደም ከፈሰሰ በኋላ ብቻ መሆን የለበትም።

ያ ጓደኛዬ ጠባሳው ዛሬም ግንባሩ ላይ አለ። ሲያገኘኝ ይስቃል፤ እኔ ግን ቶሎ ዓይኔን እሰብራለሁ። ተማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ዕዳ ይዘው እንዳያድጉ ከድንጋዩ በፊት እንድረስ።