ሥዕል በዕቃ ላይ፤ ሠዓሊና ባለሱቅ አብረው ስለሚሠሩበት መንገድ

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር አልፎ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፥ ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኘው ንፋስ መውጫ የላይ ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በእንደዚህ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ የሚገኙ ትንንሽ ሱቆች ሁሉ በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም የሚሸጡት ዕቃ አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ሲኒው፥ ካናቴራው፥ ኩባያውና የተማሪ ቦርሳው ከአንድ የጅምላ ሻጭ የተገዛ ስለ ሆነ፥ ደንበኛው ከአንዱ ሱቅ ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባው ዐሥርና አምስት ብር ለማትረፍ ብቻ ነው። ባለሱቁም ዋጋ ከመቀነስ በቀር ሌላ መሣሪያ የለውም፤ ዛሬ የቀነሰውንም ዋጋ ጎረቤቱ በማግስቱ ይቀንሰዋል።

ከዚህ ጥበት ለመውጣት ከሚቻልባቸው መንገዶች አንዱ፥ ባለሱቁ ከአንድ ሠዓሊ ጋር ተስማምቶ በሌላ ሱቅ የማይገኝ፥ ሲያዩት ደስ የሚያሰኝ ሥዕል ያለበት ዕቃ ማሠራት ነው። ነገሩ እንደ ጨዋታ የሚታይ ይሆናል። ነገር ግን በዚህ መንገድ የተነሡ ታላላቅ ድርጅቶች ስላሉ፥ እንዲሁም መንገዱን ጀምረው ጥቅሙን ሌላ የወሰደባቸው ብዙ ስለ ሆኑ፥ ነጋዴ ሁሉ ቢያጠናው የሚበጅ ነው።

በጃፓን አገር ሺንታሮ ጹጂ የተባሉ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1960 የሐር ጨርቅ የሚሸጥ አነስተኛ ኩባንያ አቋቋሙ። ጥቂት ቈይተው ከሐሩ ሌላ የጎማ ነጠላ ጫማ መሸጥ ሲጀምሩ፥ አበባ የተሣለበት ጫማ ካልተሣለበት ይልቅ የሚፈለግና የሚያተርፍ ሆኖ አገኙት። ጎማው ያው ጎማ ነው፤ ልዩነቱ አንዲት አበባ ናት። ጹጂም ይህን እንዳስተዋሉ ሠዓሊዎችን ቀጠሩ። ኩባንያቸው ዛሬ ሳንሪዮ ተብሎ በዓለም የታወቀ ሲሆን፥ እ.ኤ.አ. በ1974 ዩኮ ሺሚዙ የተባሉ የኩባንያው ሠራተኛ የሣሏት ነጭ ድመት፥ ሄሎ ኪቲ፥ በትንሽ የሳንቲም ቦርሳ ላይ ወጥታ ከዚያ ወዲህ ያልታተመችበት ዕቃ የለም ለማለት ይቻላል። ሠዓሊዋ እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራቸውን ሲለቁ ግን ድመቲቱ አብራቸው አልሄደችም፤ የኩባንያው ንብረት ሆና ቀረች። ከዚህ ታሪክ ባለሱቅ የሚማረው የፊተኛውን ክፍል፥ ሠዓሊ የሚማረው ደግሞ የኋለኛውን ነው።

በአገራችንም ሥዕልና ሱቅ የተገናኙት ዛሬ አይደለም። ከ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት መልእክተኞች በአዲስ አበባ ሲበዙ፥ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሥሉ የነበሩ ሠዓሊዎች የዓድዋን ጦርነት፥ የግብርን ሥነ ሥርዓት፥ አደንንና የንግሥተ ሳባን ታሪክ በጨርቅና በብራና ላይ እየሣሉ ለእንግዶች መሸጥ ጀመሩ። ቈይቶም የመታሰቢያ ዕቃ የሚሸጡ ሱቆች በመካከል ገቡ። ከጎጃም፥ ከቢቸና አገር የመጡት ቄስ አዳሙ ተስፋው ሥራቸውን ለእንደነዚህ ላሉ ነጋዴዎች ከሸጡት ሠዓሊዎች አንዱ ናቸው። የእርሳቸውም ሥዕሎች እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ በሚገኘው በፋውለር ሙዚየም በስማቸው ለብቻ ቀርበው ታይተዋል፤ መጽሐፍም ተጽፎላቸዋል። ይህ ዕድል ግን የጥቂቶች ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለፈው ሥዕል ብዙው የሠዓሊው ስም ሳይታወቅ ተሽጦ ቀርቷል።

ከሥዕል ወደ ሸክላ ቢታለፍ ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ነገር ይገኛል። ከጎንደር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በወለቃ መንደር፥ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከእንስራና ከጀበና ሌላ ትንንሽ ምስሎች ይሠሩ ነበር፤ አንበሳ፥ ወፍ፥ መጽሐፍ የያዘ ካህን፥ እንዲሁም ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ በአንድ አልጋ ላይ ተኝተው የሚያሳይ ምስል። ይህ የመጨረሻው ሁሉንም ያስቅ ነበር፤ እንግዶችም እየገዙ በየአገራቸው ይዘውት ሄደዋል። ሠሪዎቹ እስከ እ.ኤ.አ. 1991 ድረስ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል አገር ሲሄዱ ምስሉ ከመንደሩ ጋር ቀረ፤ ጎረቤቶችም እየሠሩ መሸጡን ቀጠሉ። ለጎረቤቶቹ እንጀራ ስለ ሆናቸው ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ይሁን እንጂ ያን የመሰለ ፈጠራ ያወጡት እጆች ስማቸው በዕቃው ላይ ባለመኖሩ ከሄዱ በኋላ አንድ ሳንቲም አልደረሳቸውም።

የዚህን ተቃራኒ ለማየት ወደ ሞምባሳ መሻገር ያስፈልጋል። ካደርዲና ሐጂ ኢሣቅ የተባለው የጨርቅ ሱቅ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ በዚያች የወደብ ከተማ ሲነግድ፥ የምሥራቅ አፍሪቃ ሴቶች የሚለብሱትን ካንጋ የተባለውን ባለሥዕል ጨርቅ በራሱ ንድፍ ያሳትም ነበር። በጨርቁም ላይ «ማሊ ያ አብደላ»፥ ማለት «የአብደላ ንብረት» የሚል ምልክት አለበት። ጨርቁ የሚታተመው በባሕር ማዶ ፋብሪካ ቢሆንም ገዢዋ የምታውቀው ፋብሪካውን ሳይሆን የአብደላን ሱቅ ነው። በአንድ መንገድ ላይ ያለ ሱቅ ከፋብሪካው ይልቅ ስመ ጥር የሆነው በዚህች ትንሽ ምልክት ነው።

እንግዲህ ወደ ንፋስ መውጫ እንመለስ። በዚያ ምን ይሣል? ብዙ ሰው ፈጥኖ የሚመልሰው «የደብረ ብርሃን ሥላሴን መላእክት» በማለት ነው። በእርግጥም የጎንደሩ ጣሪያ የመላእክት ፊቶች ያማሩ ናቸው። ነገር ግን በየፖስት ካርዱና በየካናቴራው ላይ ስለ ታተሙ የማንም ሱቅ መለያ ሊሆኑ አይችሉም፤ ማንም ሊያሳትመው የሚችለውን ሥዕል የሚሸጥ ሰው ተመልሶ ወደ ዋጋ ቅነሳ ይገባል። ከዚህም በቀር የተቀደሰ ምስል የሚከበርበት ቦታ አለው። በእግር መጥረጊያ ወይም በሲጋራ መተርኮሻ ላይ ያሳተመ ነጋዴ ከሚያገኘው ደንበኛ የሚያሳዝነው ይበልጣል።

የከተማይቱ ስም ራሱ ሥዕል ነው። ንፋሱ ጫፉን የሚያውለበልበውን ባና አጥብቆ የያዘ እረኛ፥ በብርድ ተጠጋግተው አውቶቡስ የሚጠብቁ መንገደኞች፥ የጉና ተራራ ጅብራ፥ በተራራው ላይ የሚኖረው ጭላዳ ዝንጀሮ ባና ደርቦ፥ በገብስ ማሳ ውስጥ አንገቱን ብቅ ያደረገ በግ፥ እነዚህ ሁሉ በሁለት ቀለምና በጥቂት መሥመር ሊሣሉ የሚችሉ፥ ያየም ሁሉ ፈገግ የሚልባቸው ናቸው። ከሥሩም «ንፋስ መውጫ» ተብሎ በደኅና የእጅ ጽሕፈት ቢጻፍ ይበቃል።

ገዢውም ከባሕር ዳር ወደ ላሊበላ የሚያልፈው እንግዳ ብቻ ነው ብሎ መገመት ስሕተት ነው። የእንግዳ መምጣት በሰላምና በመንገድ ሁኔታ የተመሠረተ ስለ ሆነ በእርሱ ብቻ የተማመነ ሱቅ አይጸናም። ከእንግዳው ይልቅ የሚታመነው ደንበኛ ከጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ ወጥቶ በባሕር ዳር፥ በአዲስ አበባ ወይም በውጭ አገር የሚኖረው የአገሩ ልጅ ነው። ዘመድ ሊጠይቅ መጥቶ ሲመለስ ሽሮና በርበሬ የሚይዝበት ከረጢት መግዛቱ አይቀርም፤ ከረጢቱ የአገሩን ስም የያዘ እንደ ሆነ አንዱን ለራሱ፥ ሁለቱን ለወዳጅ ይገዛል።

ስለ ገንዘቡ መጠን በቂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ንፋስ መውጫ ሲደርስ ሰዎች ታላቅ ግፍ ደርሶባቸዋል፤ የግልና የሕዝብ ንብረትም ተዘርፏል። መደርደሪያውን ከባዶ ለሞላ ነጋዴ በአዲስ ነገር ላይ ብዙ ገንዘብ ማፍሰስ አይመከርም። ለምሳሌ ያህል፥ የአንድ ጨርቅ ከረጢት የጨርቁና የልብስ ሰፊው ዋጋ 150 ብር፥ የማተሚያው ዋጋ ለእያንዳንዱ 30 ብር፥ ለሁለት ቀለም የሚያስፈልጉት ሁለት የማተሚያ ስክሪኖች ደግሞ 2,400 ብር ናቸው እንበል። 40 ከረጢት ቢታተም አንዱ 240 ብር ይወጣበታል፤ 200 ቢታተም ግን 192 ብር ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የፊተኛው 9,600 ብር ሲያስይዝ የኋለኛው 38,400 ብር ያስይዛል። የመሸጫው ዋጋ 350 ብር ቢሆንና ከዚያም ለሠዓሊው በመቶ ዐሥር፥ ማለት 35 ብር ቢከፈል፥ 40 ያሳተመው ነጋዴ 31ኛውን ከረጢት ሲሸጥ ወጪውን መልሶ ጨርሷል። 200 ያሳተመው ግን 60 ሸጦ ገበያው ቢቀዘቅዝበት 19,500 ብር በመጋዘን ታስሮ ይቀርበታል። ስክሪኖቹ በደንብ ከተቀመጡ ሁለተኛው 40 ከረጢት በ180 ብር ስለሚወጣ፥ በጥቂቱ የጀመረ ሰው ያጣው ነገር የለም ማለት ይቻላል።

ለሠዓሊው በአንድ ጊዜ ከፍሎ መገላገል ለባለሱቁ የሚቀል ይመስላል። ሆኖም ሠዓሊው ከሽያጩ ድርሻ ያለው እንደ ሆነ ዕቃው እንዲሸጥ ራሱ ይደክማል፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ሥዕልም ለዚያው ሱቅ ያመጣል። ችግረኛ ወጣት ከሆነ ደግሞ የወደፊቱን ድርሻ ብቻ እየጠበቀ መሥራት ስለማይችል፥ ጥቂት ገንዘብ በቅድሚያ ተሰጥቶት ከድርሻው ላይ ቢታሰብ ለሁለቱም የሚስማማ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያጣላው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 410 መሠረት፥ ሥዕል ወጥ ሆኖ በተሠራበት ሰዓት ያለ ምዝገባ ጥበቃ ያገኛል፤ ጥበቃውም በሠዓሊው ዕድሜና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጸናል። ዳሩ ግን በቅጥር ወይም በትእዛዝ ለተሠራ ሥራ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፥ የገንዘብ ጥቅሙ ባለመብት አሠሪው ወይም አዛዡ ነው። ብዙ ሠዓሊዎች ይህን የሚያውቁት ሥዕላቸውን በሌላ ከተማ ሱቅ ተሰቅሎ ሲያዩት ነው። ስለዚህ ዝምድናና ጉርብትና ቢኖርም ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። የዕቃው መልክ ራሱ አዲስ ከሆነ ደግሞ በ1987 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቍጥር 123 መሠረት በኢንዱስትሪ ንድፍነት ሊመዘገብ ይችላል፤ ምዝገባውም ለ5 ዓመት ጸንቶ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ዓመት ሊራዘም ይችላል። ዕቃው በገበያ ከቈየ በኋላ አዲስነቱን ስለሚያጣ ማመልከቻው መዘግየት የለበትም።

የስምምነቱ ወረቀት ከአንድ ገጽ ባይበልጥም በቂ ነው። ሥዕሉ በየትኞቹ ዕቃዎች ላይ እንደሚታተም በስም ይጻፍ፤ ለከረጢት የተፈቀደ ሥዕል ለካላንደር እንደ ተፈቀደ አይቈጠር። ብዛቱ ይወሰን፤ ሠዓሊውም የታተመውን ቈጥሮ ይፈርምበት። የሠዓሊው ስምና የሱቁ ስም በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ፥ በትንሽም ፊደል ቢሆን፥ ይታተም። ባለሱቁ በዚያው ከተማ ለብቻው የመሸጥ መብት ቢፈልግ አግባብ አለው፤ ያን መብት የሚይዝበት ዘመን ግን ይቈረጥ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ዓመት ይበቃል። ዘመኑ ሲያልቅ በመደርደሪያ የቀረው ዕቃ የሚሸጥበት ጥቂት ወራት ይሰጥ፤ ከዚያ በኋላ የማተሚያ ስክሪኖቹ ከአታሚው ቤት ወጥተው ለሠዓሊው ይመለሱ፥ ወይም ሁለቱም ባሉበት ይታጠቡ።