ቪዛ ከሚልክ ዘመድ የሚያውቅ ዘመድ

ከዋግ ኽምራ፣ ከሰሃላም ሆነ ከሰቆጣ ዙሪያ፣ ወደ ዐረብ አገር የምትሄድ ሴት ስለ ሥራው ብዙውን ጊዜ የምትሰማው ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም፤ ጅዳ ወይም ቤይሩት ካለች አክስት፣ እህት ወይም የጎረቤት ልጅ በኢሞ በሚላክ ድምፅ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው ዝናብ የቀረ ጊዜ ደግሞ ከዚህ ወደዚያ የሚላከው «እኔንም ውሰጂኝ» ይበዛል። በዘመድ መሄድ ነውር የለበትም። ነገር የሚበላሸው ዘመድ ቪዛ ሻጭ ሲሆን ነው። ዘመድ ስለ ቤቱ የምታውቀውን ትንገር፤ ወረቀቱን ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ይጨርስ።

መጀመሪያ ስለ ቤቱ ይጠይቁ

«ጥሩ ቤት ነው» መልስ አይደለም። ዘመድ ራሷ ገብታ አይታዋለች ወይስ ሰምታ ነው? ቤቱ ስንት ፎቅ ነው? ስንት ሕፃን፣ አልጋ ላይ የዋለ ስንት አዛውንት አለ? ሠራተኛዋ የምታድረው የት ነው? ስልኳን ይተዉላታል? ደመወዙ በየወሩ ነው ወይስ «ስትሄጂ ተጠራቅሞ ይሰጥሻል» ነው? ከሁሉም የሚበልጠው ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ ከዚህ በፊት የነበረችው ለምን ወጣች? ኮንትራቷን ጨርሳ ከሆነ ደግ። በአንድ ዓመት ሦስት ሠራተኛ የተቀያየረበት ቤት ደመወዙ ከፍ ቢልም ይቅር። መልሱ በድምፅ ይላክና አይጥፋ፤ ማንበብ የማይችሉ እናትም ደግመው ይሰሙታል።

ወረቀቱና ገንዘቡ

ዕድሜ 18 መሙላት ግድ ነው። የፋይዳ መታወቂያ፣ ፓስፖርት (ደሴ ወይም ባሕር ዳር)፣ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ፣ የሕክምና ምርመራ፣ እንዲሁም በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በኩል ምዝገባና አሻራ ያስፈልጋሉ። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሰው ራሱ ባገኘው ሥራ በቀጥታ ቅጥር እንዲሄድ ቀዳዳ ቢተውም፣ የቤት ሠራተኛን ከዚህ አውጥቷታል። ስለዚህ «በጉብኝት ቪዛ ነይ፣ እዚህ ይቀየራል» የሚል ዘመድ ክፋት ባይኖረውም አይሰማ።

ታዲያ አክስት የምታውቀው ቤት ለእህቷ ልጅ እንዴት ይደርሳል? አሠሪው በስም ይጠይቃታል። ሳዑዲ ውስጥ ሙሳነድ በተባለው የመንግሥት መድረክ «ማዕሩፋ» የሚሉት አሠራር ለዚህ የተበጀ ነው፤ አሠሪው የሚያውቃትን ሴት ለይቶ ያስመዘግባል፣ ቀሪው በኤጀንሲ ያልፋል።

በዚያው አዋጅ መሠረት ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። በሠራተኛዋ ላይ የሚወድቀው የፓስፖርት፣ የልደት ማስረጃ፣ የብቃት ማረጋገጫ፣ የክትባት፣ የምርመራና የመሳሰለው ወጪ ነው። በሬ የሚያሸጥ ሒሳብ እዚህ ውስጥ የለም። «የቪዛ» ተብሎ ብር የተጠየቀ ዕለት፣ ጠያቂዋ የአጎት ልጅም ብትሆን፣ ነገሩ እዚያው ይቁም።

በአፋር አልፎ ጅቡቲ ካለው ከኦቦክ በጀልባ የመን ስለሚያደርሰው የደላላ መንገድ ብዙ አልልም። ሂውማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከየመን ሊሻገሩ የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን መግደላቸውን ዘርዝሯል።

ከመነሳት በፊት

የፓስፖርቱና የኮንትራቱ ፎቶ ሁለት ሰው ዘንድ ይቀመጥ። ስልክ ሊነጠቅ ይችላልና ሁለት ቁጥር በቃል ይጠና። የዋግን ቋንቋ ኽምጣና የምትችል ልጅ ደግሞ ዕድለኛ ናት፤ ደውላ የምትናገረው አይሰማባትም፦ አንዳንድ ማዳም አማርኛ ትለቃቅማለች፤ ኽምጣና የምትሰማ ማዳም ግን እስካሁን አልገጠመችኝም።

ተራው ሲደርስ

ሄዳ ሥራ የያዘች ሴት ሌላ ሰው ለመጥራት ተራዋ ሲደርስ፣ ለመንገድ የተበደረችውን ዕዳ መክፈል ይቀድማል። በመጀመሪያው ዓመት ማንንም ባትጠራ ጥሩ ነው፤ ቤቱንም አገሩንም ገና አላወቀችውም። ኮሚሽን አትቀበል። ያለ ፈቃድ ሰው እየመለመለ ገንዘብ የሚወስድ በሕግ ዐይን ደላላ ነው፣ በሰው መነገድንና ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገርን የሚከለክለው አዋጅ 1178/2012ም ዘመድና ባዳ አይለይም። የደረሰባትን ክፉም ሳትሸፍን ትንገር። ፎቶ ላይ ወርቅ አድርጋ እየታየች ኩሽና ውስጥ እንደምታድር የደበቀች እህት፣ ተከታይዋን ወደዚያው ኩሽና ትጠራለች።

ዕርዳታ ማለት ሰው ማስመጣት ብቻ አይደለም። ሊባኖስ ያሉ የቤት ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ2017 «እኛ ለኛ በስደት» የተባለ ማኅበር አቋቋሙ። በ2012 ዓ.ም. መጨረሻ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት ከሚገኘው የኢትዮጵያ ቆንስላ በር ላይ አውርደው ሲሄዱ፣ ማኅበሩ ለተቸገሩት ምግብና መጠለያ ሲያፈላልግ ነበር። የአንድ ወረዳ ልጆችም በየወሩ ጥቂት እያዋጡ፣ ታማ ከቤት ለወጣች የትኬት መግዣ ማስቀመጥ ይችላሉ። ገንዘብ ያዦቹ ግን ሁለት ይሁኑ፤ ዕቁብ በአንድ እጅ ሲሆን ምን እንደሚከተል አገር ያውቃል።

ሰው ለማስገባት ከሁሉ የተሻለው ጊዜ ኮንትራት ሲያልቅ ነው። አሠሪዋ «እንዳንቺ ያለች አምጪልኝ» ትላለች። ያን ዕለት ስም ለመስጠት አይቸኮል። ጉልበቱ ያለው ስሙ ሳይነገር ነው። ደመወዝ በየወሩ በባንክ፣ ስልክ በእጅ፣ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን፣ በሩ የሚቆለፍ የራሷ ክፍል በኮንትራቱ ላይ ይጻፍ ትበል። አሠሪዋ እሺ ካለች የእህቷን ስም ትስጥ። «እሱን ከመጣች በኋላ እናያለን» ካለች፣ «የማውቃት ሰው የለችም» ብላ ሻንጣዋን ትዝጋ።