መተማ ተቀምጦ የገላባትን ኔትወርክ? የቤት ኢንተርኔት ውልና መብትዎ

ጥያቄ፦ ቤቴ መተማ ዮሐንስ፣ ሱቄ ከድንበሩ ማዶ ሱዳን ውስጥ ገላባት ነው። ልጆቼ ስለሚማሩበት፣ እኔም ሒሳቤን ስለምሠራበት ለቤቴ ኢንተርኔት ማስገባት ፈልጌ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ምክር ሰጠኝ። አንዱ ከዚሁ ከአገር ቤት አስገባ አለኝ። ሁለተኛው የሱዳን ሲም ካርድ ሞደም ውስጥ አድርግና ጣሪያህ ላይ ሲግናል ማጉያ ስቀል፣ ይበቃሃል አለ። ሦስተኛው ደግሞ የሳተላይት ሳህን ከወዲያ ላምጣልህ፣ ለጎረቤት በወር እያከፋፈልክ ወጪህን ትመልሳለህ ይለኛል። የቱ ይሻለኛል? ከፍዬ አገልግሎቱ ቢቋረጥብኝስ ሕጉ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ከሦስተኛው ምክር ልጀምር፤ ከገንዘብዎ አልፎ ነፃነትዎን የሚነካው እሱ ነው። ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ከጀመረ በኋላ፣ በተለይ በ2016 ጥር መጨረሻ የሱዳኒ፣ የኤምቲኤንና የዘይን መስመሮች ተራ በተራ ሲጠፉ፣ ብዙ ሰው ከዘመዱ ጋር የተገናኘውና ገንዘብ የተላከለት በስታርሊንክ የሳተላይት ሳህን ነው። ያ የጭንቅ ጊዜ መፍትሔ የድንበሩን ድልድይ ተሻግሮ መተማ ሲገባ ግን ሌላ ሕግ ይጠብቀዋል።

የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 የቴሌኮም መሣሪያ ያለፈቃድ ወደ አገር ማስገባትንና ለሽያጭ ማቅረብን ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል። ያለፈቃድ የቴሌኮም አገልግሎት መስጠት ደግሞ ከ7 እስከ 15 ዓመት ያስቀጣል፤ በዚህ ላይ ተገኘ ተብሎ የሚገመተውን ገቢ ሦስት እጥፍ መቀጮ ያስከትላል። ለጎረቤት በወር ማከፋፈል የተባለው እዚህ ውስጥ ይወድቃል። ከሕጋዊ አቅራቢ የገዙትን ዋይፋይ እንኳ መልሶ መሸጥ ለብቻው ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ጎረቤት ለማገዝ ብዬ ነው፣ ትርፍ አልያዝኩበትም የሚለው መከራከሪያ ክስ ከተከፈተ በኋላ የሚነገር ነው፤ ያኔ ደግሞ ሳህኑም ገንዘቡም በእጅዎ አይኖርም። ስለዚህ ሳህኑን የሚያመጣልዎት ሰው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ፈቃድ በወረቀት እስካላሳየዎት ድረስ እጅዎን አያስገቡ።

የሁለተኛው ምክር አደጋ ለዓይን አይታይም። የሱዳን ሲም ይዞ ድልድዩን የሚሻገር ነጋዴ ብዙ ነው፤ ኪስ ውስጥ የተያዘ ሲም የቤት አገልግሎት አይባልም። ማጉያው ግን ራሱን የቻለ የቴሌኮም መሣሪያ ነው፤ ያለፈቃድ ከተሰቀለ ከላይ ያነሳሁት አዋጅ ይደርስበታል። ዋናው ነገር ግን ይህ ነው፦ መተማ ሆነው ከሱዳን ኩባንያ በገዙት አገልግሎት ላይ የኢትዮጵያው ባለሥልጣን ሥልጣን የለውም። ኩባንያው ገንዘብዎን ቢበላ፣ ፍጥነቱን ቢቀንስ፣ መስመሩን ቢዘጋ አቤት የሚሉት ለሱዳን የቴሌኮምና ፖስታ ተቆጣጣሪ ነው። ለገላባቱ ሱቅዎ ከሆነ ግን ሕጋዊው መንገድ የሱዳን መስመር ነው፤ መስመሩን እዚያው በራስዎ መታወቂያ ያውጡ፣ ደረሰኙንም ይያዙ።

በራስዎ መታወቂያ ያልኩት በምክንያት ነው። በድንበር አካባቢ ወደ እኔ ከሚመጡ ሰዎች ብዙዎቹ የያዙት መስመር በአሠሪያቸው፣ በደላላ ወይም በጓደኛ ስም የወጣ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 1952 መሠረት ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ነው። ለዓመታት የከፈሉት እርስዎ ቢሆኑም ስምዎ ውሉ ላይ ከሌለ አቅራቢው አያውቅዎትም። ስሙን የሰጠዎት ሰው ከተጣላዎት ወይም አገር ከለቀቀ፣ መስመሩም አብሮት ሄደ ማለት ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ምክር። አዋጅ ቁጥር 1148/2011 ገበያውን ለውድድር ከፍቷል፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 መጀመሪያ አካባቢ ሥራ ሲጀምር ጎንደርና ባሕር ዳር ከመጀመሪያዎቹ ከተሞች መካከል ነበሩ። እርስዎ ሰፈር ላይ ግን ምርጫው ጠባብ ሊሆን ይችላል። አቅራቢው አንድ ብቻ ቢሆንም እንኳ የሚመርጡት ነገር አለ፤ እሱም የአገልግሎቱ ዓይነት ነው።

«የቤት ዋይፋይ» በሚል አንድ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮች ይሸጣሉ። አንዱ በፋይበር ወይም በስልክ ሽቦ ቤትዎ የሚገባ መደበኛ መስመር ነው። ሌላው ሲም ካርድ የሚገባበት ራውተር ሲሆን የሚሠራው ስልክዎ በሚይዘው በዚያው የሞባይል ኔትወርክ ነው። በአማራ ክልል በ2015 ማብቂያ ላይ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ወደ አንድ ዓመት ገደማ ሲቆይ ልዩነቱ በተግባር ታይቷል፤ በአንዳንድ ከተሞች መደበኛ መስመር ያላቸው ባንኮችና ሆቴሎች ሲሠሩ የሲም ራውተር የገዛው ሰው መብራቱ ብቻ የሚበራ ዕቃ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ ከመፈረምዎ በፊት ሻጩን በቀጥታ ይጠይቁት፦ ይህ መስመር ነው ወይስ ሲም? ማታ ማታ ሰው ሲበዛ ፍጥነቱ ስንት ሜጋ ቢት ይደርሳል? ራውተሩ የማን ነው? ውሉን ባቋርጥ ምን እከፍላለሁ? የሸማቾች አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለሚገዙት አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘትና አማርጦ የመግዛት መብት ሰጥቶዎታል፤ መልሱን መጠየቅ ልመና አይደለም።

የሚሰጥዎት ውል የታተመ ቅጽ ነው፤ ቃል አይቀየርልዎትም። ሕጉ ይህንን አስቦበታል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1686 መሠረት አቅራቢው ለሁሉም ደንበኛ ያዘጋጃቸው ጠቅላላ ሁኔታዎች፣ በመንግሥት አካል ካልጸደቁ በቀር፣ ያላወቁትንና ያልተቀበሉትን ሰው አያስገድዱም። አንዱ ወገን ብቻውን ያረቀቀው ቃል አሻሚ ሲሆን ደግሞ በአንቀጽ 1738 መሠረት ባረቀቀው ላይ ይተረጎማል። ስለዚህ የውሉን ቅጂ ሳይቀበሉ ከቢሮው አይውጡ።

አገልግሎቱ ቢቋረጥስ? እዚህ ላይ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ጉዳይ እያደባለቀ ነው። ካሣና ክፍያ የተለያዩ ናቸው። መቋረጡ በመንግሥት ትእዛዝ ወይም በጦርነት ከሆነ፣ አንቀጽ 1793 እነዚህን ከዐቅም በላይ ከሆኑ ምክንያቶች ስለሚቆጥራቸው አቅራቢው ካሣ ላይከፍልዎት ይችላል። ላልሰጠው አገልግሎት ግን ወርኃዊ ክፍያ ሊጠይቅዎት አይገባም፤ በአንቀጽ 1757 መሠረት አንተ ፈጽም ማለት የሚችለው ራሱ የፈጸመ ወይም ለመፈጸም የተዘጋጀ ወገን ነው። ለሥራው የሚያስፈልገው ግብዓት ዋጋ ተወደደብኝ የሚለው ምክንያት ደግሞ በአንቀጽ 1794 ከዐቅም በላይ እንደሆነ አይቆጠርም። ነዳጅ ተወዶ ጄኔሬተር ቆመ ካሉዎት ይህን አንቀጽ ይጥቀሱላቸው።

ስልክ ደውሎ መነጫነጭ ማስረጃ አይሆንም። በኢትዮ ቴሌኮም የደንበኞች መስመር 994 ሲደውሉ የአቤቱታ ቁጥር ይቀበሉ፤ ቀኑንና ሰዓቱን ይጻፉ። ከዚያ በአንቀጽ 1772 መሠረት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይስጡ፦ አገልግሎቱ ከዚህ ቀን ጀምሮ ተቋርጧል፣ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ ውሉን አፍርሼ የከፈልኩትን እጠይቃለሁ የሚል አንድ ገጽ ይበቃል። በሁለት ቅጂ ያዘጋጁትና አንዱን የገቢ ማህተም አስመትተው ይያዙት። አቅራቢው ዝም ካለ አቤቱታው ወደ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይሄዳል። ከዚያም ካለፈ ፍርድ ቤት አለ፤ ጉዳዩ የፌዴራል ነው ቢባል እንኳ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የለብዎትም፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 መሠረት የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራሉን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ደርቦ ይሠራል።

የውል ክስ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት ይታገዳል። ደረሰኝዎን እስከዚያ ድረስ አይጣሉ።