የአየር ጠባይ ለውጥ፤ ምክንያቱና በአገራችን የሚያስከትለው ችግር

የአየር ጠባይ ለውጥ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በሰሜን ዋልታ ስለሚቀልጠው በረዶ ነው። ነገሩ ግን ከዚያ በጣም የቀረበ ነው። እኛ በቦሌና በየካ የምንኖር ወጣቶች የምንጠጣው ውኃ፣ የምናጠናበት መብራት፣ ወባ የማያውቀው ደጋችንም በዚሁ ጉዳይ ውስጥ ይገኛሉ።

ምክንያቱ

የፀሐይ ብርሃን አየሩን አልፎ ምድርን ያሞቃል፤ የሞቀችው ምድር ደግሞ ሙቀቱን መልሳ ወደ ሰማይ ትለቃለች። እንደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ሚቴንና የውኃ ተን ያሉት ጋዞች ከዚህ ሙቀት ከፊሉን ይይዙታል። ይህ በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጋዞቹ ባይኖሩ ኖሮ የምድር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ገደማ በሆነ ነበር። ለምድር እንደ ጋቢ ናቸው ማለት እንችላለን። ችግሩ የሰው ልጅ በጋቢው ላይ ሌላ ጋቢ መደረቡ ነው። የድንጋይ ከሰል፣ ቤንዚንና ናፍጣ ሲቃጠል፣ ደንም ሲመነጠር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይበዛል። ከፋብሪካ ዘመን በፊት በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል ውስጥ 280 ያህል የነበረው ዛሬ ከ420 አልፏል። ይህ አዲስ ወሬ እንዳይመስለን! የስዊድኑ ሊቅ ስቫንቴ አሬኒየስ ይህ ጋዝ ሲጨምር ምድር ምን ያህል እንደምትሞቅ አስልቶ ያሳተመው በ1888 ዓ.ም.፣ ማለትም በዐድዋ ድል ዓመት ነው።

መላዋ አፍሪካ ከዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ያላት ድርሻ ከመቶ 4 ገደማ ብቻ ነው። ዕዳውን ያመጣው ሌላ፣ ከፋዩ ሌላ ሆነ ማለት ነው። (በላያችን የሚያልፉት አውሮፕላኖች ግን እኛንም ፈጽሞ ነጻ አያወጡንም።)

ውጤቱ

ወባን የምታስተላልፈው ትንኝና በውስጧ የሚያድገው ተሕዋሲ ሙቀት ይፈልጋሉ፤ በቀዝቃዛ ቦታ ተሕዋሲው አድጎ ሳይጨርስ ትንኟ ትሞታለች። 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለችውን አዲስ አበባን የጠበቃት ይኸው ብርድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት፣ በደብረ ዘይት አካባቢና በኮሎምቢያ ደጋዎች የተመዘገቡትን የወባ ሕሙማን አመሳክሮ፣ በሞቃት ዓመታት በሽታው ወደ ከፍተኛ ቦታዎች እንደሚወጣ፣ በቀዝቃዛዎቹ ደግሞ እንደሚወርድ አሳይቷል። ደብረ ዘይት ከቦሌ ምን ያህል ይርቃል? የደጋ ሰው ወባን ስላልለመደ ሲይዘው ይበረታበታል።

የመብራታችን ምንጭ በአብዛኛው ውኃ ነው። በግንቦት 2011 ዓ.ም. የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃ በመቀነሱ መብራት በፈረቃ እንደ ነበረ አንረሳውም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አካባቢ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው በሚሊዮን የሚቆጠሩ እንስሳት አልቀዋል፤ ሳይንቲስቶችም የምድር መሞቅ ድርቁን እንዳባባሰው አረጋግጠዋል። ሁሉን ጥፋት በአየር ጠባይ ማሳበብ ግን ትክክል አይደለም። የ1977ቱን ረሃብ ጦርነቱና የጊዜው አስተዳደርም እንዳባባሱት የታወቀ ነው።

ድርቅ በአንድ በኩል፣ ጎርፍ በሌላ በኩል እንዴት ይሆናል? አየር በ1 ዲግሪ ሲሞቅ ከመቶ 7 ያህል ተጨማሪ የውኃ ተን መያዝ ይችላል። ስለዚህ ዝናቡ ሲመጣ በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ትናንት እርሻ የነበረው ሰፈራችን ዛሬ አስፋልትና ሲሚንቶ ስለሆነ ውኃው የሚሰርግበት አፈር አያገኝም፤ በወንዝ ዳር ወዳሉት ጎጆዎች ይሮጣል።

በዚህ ላይ እኛንም የሚመለከት ጉዳይ አለ። ግቢውን በሙሉ በድንጋይ ለማንጠፍ፣ ለመኪና ማቆሚያም ያረጁትን ጽዶች ለመቁረጥ የቀረበውን ሐሳብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። በበዓል ቀን ጭቃ እንዳይኖር መፈለጉ ተገቢ ነው፤ አረጋውያን ሲንሸራተቱ አይተናል። ጥቂት ጽድም የዓለምን ሙቀት አያወርድም፤ ያወርዳል ብንል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ሥሩ ጎርፍን ያዘገያል፣ ጥላውም ግቢውን ያቀዘቅዛል። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ባልደረቦቻቸው በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች መዝግበዋል፤ ዙሪያው ተመንጥሮ አልቆ እነዚህ የተረፉት አባቶች ስላልቆረጧቸው ነው።

እኛ የተማሪዎች ክፍል የምንለው፦ መተላለፊያው ይነጠፍ፣ በዛፎቹ ሥር ያለው አፈር ግን ይተው፤ መኪና በውጭ ይቁም። ለሰበካ ጉባኤው ከመቅረቡ በፊት በሚቀጥለው እሑድ እንወያይበታለን። እያንዳንዱ ምድብ በግቢው ያሉትን ጽድ፣ ወይራና ዝግባ ቆጥሮ፣ ክረምት ውኃው በየትኛው በር እንደሚወጣም አጣርቶ ይምጣ።