የገበያ ትምህርት፦ መኪና ሻጩ ፊልምና የጓሳ ሣር

ማስታወቂያ ፍላጎትን ይጨምራል፤ አቅርቦትን ግን አይጨምርም። ይህን ቀላል ሕግ የዘነጋ ነጋዴ ገንዘቡን ከፍሎ ራሱን ሊጎዳ ይችላል። ለዛሬ የማይገናኙ የሚመስሉ ሁለት ነገሮችን እናያይዛለን፤ አንደኛው የአሜሪካው ሸቭሮሌት ያሠራቸው የማስተዋወቂያ ፊልሞች ሲሆኑ ሁለተኛው የመንዙ ጓሳ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሳይጮኹ መሸጥ

ሸቭሮሌት የጄኔራል ሞተርስ አንዱ ክፍል ነው። ከ1930ዎቹ አጋማሽ እስከ 1950ዎቹ መጨረሻ ድረስ ብዙ ፊልሞቹን ያሠራው ዲትሮይት በነበረው የጃም ሃንዲ ድርጅት ነበር። በ1937 የወጣው "ማዕዘኑን ሲዞሩ" የተባለው ፊልም 9 ደቂቃ ያህል ነው። የሚያሳየውም ዲፈረንሻል የሚባለው የመኪና ክፍል እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ነው። "ግዙኝ" እያለ አይወተውትም። ተመልካቹ ግን አንድ እውቀት ይዞ ይወጣል፤ ያስተማረውንም ድርጅት ያምናል። በ1940 የወጣው ሌላው ፊልም ደግሞ "ሞላ የሚባል ነገር ባላየሁ" ብሎ የተመኘን ሰው ያሳያል። ምኞቱ ሲፈጸምለት በሩም ስልኩም መኪናውም አልሠራ ይለዋል። ተመልካቹ እየሳቀ የሞላን ጥቅም ይማራል።

መኪና ለመሸጥ መንገድ መሸጥ

ጄኔራል ሞተርስ በ1954 ባወጣው ፊልም የሸጠው መኪና ሳይሆን መንገድ ነበር። የትራፊክ መጨናነቅን አሳይቶ ሕዝቡ አውራ ጎዳና እንዲጠይቅ ቀሰቀሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ 41,000 ማይል አውራ ጎዳና የሚያሠራው ሕግ ጸደቀ። ሕጉን ያስወጣው ያ ፊልም ነው ማለት አይቻልም። የኩባንያው ስሌት ግን ግልጽ ነው፤ መንገድ ከሌለ ገዢ የለም። በእኛም አገር የዓለም ባንክ በ1950 ለመንገድ ሥራ 5 ሚሊዮን ዶላር አበድሮ፣ በ1951 የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም፣ ያ ሥራ ለመኪና አስመጪውም ገበያ የሚከፍት ነበር።

ፊልም የማይሸፍነው ጉድ

በ1936 የወጣው "የባለሙያ እጆች" ፍሊንት ከተማ ያለውን የሸቭሮሌት ፋብሪካ ሠራተኛ በግሩም ሙዚቃ አጅቦ ያሞግሳል። በዚያው ዓመት መጨረሻ የፍሊንት ሠራተኞች ፋብሪካ ውስጥ ተቀምጠው አድማ መቱ። አድማው 44 ቀን ቆይቶ ጄኔራል ሞተርስ ለሠራተኛ ማኅበሩ እውቅና ሰጠ። ሠራተኛው የፈለገው ሙገሳ ብቻ አልነበረም። ተፎካካሪው ፎርድም በ1957 ኤድሰል የተባለ መኪና በታላቅ ማስታወቂያ አወጣ፤ በ1959 ግን ማምረቱን አቆመ። ኪሳራው 250 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተገምቷል። ገዢው ያልወደደውን ዕቃ ማስታወቂያ አያድነውም።

ወደ ጓሳ እንምጣ

ጓሳ በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ፣ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ ይኖሩበታል። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። የአካባቢው ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በቀሮ ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። የተመረጠው አባ ቀራ መሬቱን ያዘጋል፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሣር ሳይታጨድ ከብትም ሳይገባበት ይቆያል። በ1975 የመሬት አዋጅ ሥርዓቱ ተናጋ፤ በኋላ ግን ጥበቃው በማኅበረሰብ ኮሚቴ ቀጠለ። ዛሬ ቦታው የማኅበረሰብ ጥበቃ ሥፍራ ነው፤ ለጎብኚም ማረፊያ አለው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሸቭሮሌት ፊልሙ ገዢ ሲያመጣለት ፋብሪካውን ጨምሮ ያመርታል። ጓሳ ግን አይጨመርም። ሣሩ የሚያድገው በራሱ ጊዜ ነው፤ ቀበሮው ግርግር ሲበዛ ይሸሻል። ለምሳሌ አንድ ማረፊያ በዓመት 3,000 የአልጋ ሌሊት አለው እንበል። በስልክ የተለቀቀ አንድ ጥሩ ቪዲዮ የ6,000 ፈላጊ ቢያመጣ ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ ሌላ 3,000 መጨመር ነው፤ ያኔ የተሸጠው ነገር ራሱ ይጠፋል። ሌላው ቁጥሩን ወስኖ ዋጋውን ማስተካከል ነው፤ ያኔ ትርፉ ይጨምራል፣ ሀብቱም ይቆያል። ቀሮ ሁለተኛውን መንገድ "ኢኮኖሚክስ" የሚለው ቃል ሳይሰማ በፊት ያውቀው ነበር።

ለነጋዴው የሚበጅ

በጉብኝትም ሆነ በሌላ ሥራ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰው ለማስታወቂያ ከመክፈሉ በፊት እነዚህን ይመርምር፦

1. ማስታወቂያዬ ለተመልካቹ የሚጠቅም እውቀት ይሰጣል ወይስ ይጮኻል?
2. ዕቃዬን ለመጠቀም ገዢው ሌላ ምን ያስፈልገዋል? መንገድ፣ መብራት፣ መለዋወጫ?
3. የማሳየው ነገር ከውስጥ ካለው ጋር ይስማማል? ሠራተኛዬና የአካባቢው ሰው ድርሻቸውን አግኝተዋል?
4. ፍላጎቱ በእጥፍ ቢያድግ አቅርቦቴ ይከተለዋል? ካልተከተለ ገደቡን የሚጠብቀው ማን ነው?

አራተኛው ጥያቄ በፋብሪካ ሥራ የጊዜና የካፒታል ጉዳይ ነው። እንደ ጓሳ ባለ ሀብት ላይ ግን የህልውና ጉዳይ ነው። ገደቡን ለዘመናት የጠበቀው ገበሬ ከውሉ ውጭ ከሆነ፣ ባለሀብቱ የገዛው ዘላቂ ንግድ ሳይሆን የአንድ ወቅት አጨዳ ይሆናል።