የመጀመሪያውን የጠላቂ ፊን ስለ መምረጥ

ባሕር የሌለው አገር ልጅ ስለ ጠላቂ ዋናተኛ ዕቃ ምን አገባው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ እናውቃለን። ዳሩ ግን ከመካከላችን ወደ ጅቡቲ የሚወርድ፣ ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ሄዶ ባሕር አጠገብ የሚሰነብት፣ ወይም በቢሾፍቱ ባቦጋያ ሐይቅ ዋናውን የሚያጠነክር ተማሪ አለ። የአየሩን ሲሊንደር መከራየት ይቻላል። ፊኑን ግን የራስ ማድረግ ይሻላል፤ ምክንያቱም በእግር ልክ የሚመረጥ ነገር ነው።

ፊን ማለት እንደ ጫማ በእግር የሚጠለቅ፣ ከጎማ ወይም ከፕላስቲክ የተሠራ ሰፊ መቅዘፊያ ነው። አሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን ልጅ ሳለ በመዳፉ የሚይዛቸው ሁለት የእንጨት ገበታዎች ሠርቶ ይዋኝ ነበር፤ ፍጥነት ቢጨምሩለትም የእጁን አንጓ ያደክሙት እንደ ነበር በኋላ ጽፏል። በእግር የሚጠለቀውን የጎማ ፊን እ.ኤ.አ. በ1933 በፈጠራ ያስመዘገበው ፈረንሳዊው የባሕር ኃይል መኰንን ሉዊ ደ ኮርልዩ ነው። ኩስቶና ጋኛን የጠላቂውን የአየር መስጫ በ1943 ሲሠሩ ፊኑ ቀድሞ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

በፍራንክሊን አንጓ ላይ የደረሰው ነገር ዛሬ በጀማሪው ባት ላይ ይደርሳል። ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል የከበደ በመሆኑ፣ ረጅምና ጠንካራ መቅዘፊያ ብዙ ውሃ ይገፋል፤ ነገር ግን የሚገፋው እግር ነው። ያልለመደ እግር በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ባቱ ይሸማቀቅበታል። ይህ በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ቢሆን ያስቃል፤ ወራጅ ባለበት ባሕር፣ ከጀልባው በራቀ ጠላቂ ላይ ሲደርስ ግን የሞትና የሕይወት ነገር ይሆናል። ስለዚህ ጀማሪው መካከለኛ ርዝመትና መጠነኛ ልስላሴ ያለውን ይያዝ እንላለን። የቀለሙና የፋብሪካው ስም ጉዳይ ለኋላ ይቆይ።

ከመቅዘፊያው ይልቅ ብዙ ልንነጋገርበት የሚገባን የእግር ማስገቢያው ነው። ከሉማሜም ሆነ ከቢቸናና ከሞጣ ገጠር የወጣን ብዙዎቻችን ልጅነታችንን በባዶ እግር ወይም በበረባሶ አሳልፈናል። እንዲህ ያደገ እግር ከጣቶቹ ግድም ሰፊ እንደሚሆን የእግርን ቅርጽ ያጠኑ ሰዎች አሳይተዋል። ፊን ደግሞ በአብዛኛው የሚሠራው ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጠባብ ጫማ ለለበሰ እግር ነው። ቁጥሩ 42 ስለሆነ ብቻ 42 የሚል ፊን የሚገዛ የጎጃም ልጅ ርዝመቱ ልክ ሆኖ ጎኑ ሲጨመቅ ያገኘዋል። የተጨመቀ እግር ይደነዝዛል፤ የደነዘዘም እግር ቶሎ ይሸማቀቃል።

ሁለት ዓይነት አለ። አንዱ ተረከዙን ጭምር የሚሸፍን፣ በባዶ እግር የሚጠለቅ ነው፤ ቀላልና ርካሽ ሲሆን፣ በሞቃት ባሕር ከጀልባ ለሚወርድ፣ ለምሳሌ ከኅዳር እስከ ጥር በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክ የሚባለውን ትልቅ ዓሣ በመነጽር ለሚያይ ሰው ይበቃል። ሁለተኛው ከኋላው ማሰሪያ ያለው፣ ኒዮፕሪን ከሚባል ለስላሳ ጎማ በተሠራ ቡትስ ላይ የሚጠለቅ ነው። ዋጋው ይወደዳል፤ ሆኖም ማሰሪያው ስለሚላላና ስለሚጠብቅ፣ ቡትሱም ከድንጋይና ከብርድ ስለሚጠብቅ፣ ለሰፊ እግር የምንመርጠው ይህንኑ ነው።

ዘመድ ከዱባይ ወይም ከጅዳ የሚልክለት ተማሪ ቁጥር ብቻ በስልክ አይንገር። ማታ፣ እግር ትንሽ ካበጠ በኋላ፣ ወረቀት ላይ ቆሞ ዙሪያውን በእርሳስ ያስምር፤ ርዝመቱንና ከጣቶቹ ግድም ያለውን ስፋት በሴንቲሜትር ለክቶ ይላክ። በመደብር የሚለካ ደግሞ ቡትሱን አድርጎ ይጥለቀው፤ ቁጭ ብሎ እግሩን በኃይል ያወዛውዘው። ተረከዙ ከወጣ ሰፍቶታል፤ ጣቶቹን ማንቀሳቀስ ካቃተው ጠቦታል።

በዐባይ ማዶ ለማዶ ነፍተው ያሰሩትን የፍየል አቁማዳ በደረታቸው አቅፈው የሚሻገሩ ሰዎች ኃይሉ ከእግር እንደሚመጣ ከእኛ በፊት ያውቁ ነበር። ፊን ግን ጉልበቱን እያጠፈ እንደ ብስክሌት ለሚረግጥ አይታዘዝም፤ ከዳሌ ተነሥቶ ቀስ ብሎ መምታትን ይጠይቃል። ከሉማሜ ቁልቁል ወርዶ በዐባይ በረሃ ልሞክረው ለሚል ወንድም ምክራችን አጭር ነው፦ ወራጁም አዞውም አሉና አይሞክር። ጣናም ቢሆን ቢልሃርዚያ አለበት፤ ጭቃውም በፊን ሲነካ ተነሥቶ ዓይን ይጋርዳል።

ፊኑ ከተገዛ በኋላ በየብስ ላይ በእርሱ ወደ ፊት መራመድ ይጥላል፤ ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል። ከጨው ውሃ ሲወጣ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ጥላ ውስጥ ይድረቅ፤ በመቅዘፊያው ጫፍ ግድግዳ አስደግፎ የሚያቆመው ሰው ከወራት በኋላ ተጣሞ ያገኘዋልና፣ አልጋ ሥር ጠፍጥፎ ያስቀምጠው።